ሲስተር አማቷን የገደለች ዕለት

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ስለራሱ የተወራውን ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚሰማው። የሲስተር ጆሮ ግን የዚያን ቅዳሜ ጠዋት አልከዳትም። ፊቷን ታጥባ ፎጣ ፍለጋ ወደ ኮሪደሩ ብቅ ስትል የባሏን ድምፅ ከፍሪጆቹ መሀል ሰማችው። ባሏ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ የሱቅ ኪራይ የሚቀመስ ስላልሆነ ሱቁ ኮሪደራቸው ነው። የሰው ፍሪጅ በግራም በቀኝም ተገትሮ፣ አንዱ በሩ ተገንጥሎ፣ አንዱ የሆድ ዕቃው ተዘርግፎ፣ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን የሚሄድ ሰው ጎኑን አዙሮ ነው የሚያልፈው። ሰውየው ከትልቁ ፍሪጅ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ ያንሾካሽካል። «አንተ ብቻ እንዳታልፍ አድርግልኝ» ይላል። «ጎበዝ መሆኗን አጣሁት እንዴ? ጎበዝ መሆኗ አይደል ጣጣው! በቃ ጣላት፣ አለቀ። እኔ የመድኃኒት ፍሪጃችሁን ለማየት ስመጣ እዛው እንገናኛለን።» ስልኩ አሮጌ ነው፤ ድምፅ ያፈስሳል። የወዲያኛው ሰውዬ መልስ ጥርት ብሎ ኮሪደሩ ውስጥ ተሰማ፤ «ግድ የለህም ወንድሜ፣ ልቧ የማይችለውን ነገር አዘጋጅቼላታለሁ።»

ድምፁን ለማወቅ አልተቸገረችም። የሠርጋቸው ሚዜ ነው። ሚዜነቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ የሥልጠናውም አስተባባሪ እሱ ነው። ሲስተር የምትሠራበት ሆስፒታል ምድር ሲንቀጠቀጥ፣ ጎርፍ ሲመጣ፣ ሕንፃ ሲናድ ወደ ሌላ ከተማ ተነሥቶ የሚሄድ የድንገተኛ ሕክምና ቡድን አለው። የቀድሞው መሪ ጡረታ ሲወጡ የሚተካቸውን ሰው ለመምረጥ ሥልጠና ተከፈተ፤ ሠልጣኞቹም በየተራ የውሸት አደጋ እየተፈጠረላቸው ቡድኑን ሲመሩ ከረሙ። አሁን የቀሩት ሁለት ናቸው። ቀጭኑ ዶክተር ባለፈው ሳምንት መርቷል፣ ደህና አድርጎም መርቷል። የዛሬው ተራ የሷ ነው። ካለፈች የመሪውን ቀይ ሰደርያ የምትለብሰው እሷ ናት፤ ከወደቀች እሱ ነው። በድንገተኛ ክፍል ውስጥ ወገቧ እስኪቆረጥ ቆማ፣ ነገር በከረረ ቁጥር «ኧረ ሲስተርን ጥሯት!» እየተባለች ኖራ ኖራ፣ ዛሬ ዕጣዋን ሁለት ወንዶች ከፍሪጅ ጀርባ በስልክ ይማከሩበታል። ወይ ጉድ!

ደሟ ፈላ። ሄዳ ስልኩን ከእጁ ነጥቃ በሩ ከተገነጠለው ፍሪጅ ውስጥ ልትወረውረው ቃጣት። ባሏ ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ክፉ አይደለም፣ ፈሪ ነው። ባለፈው ክረምት አንዱን ከተማ ጎርፍ ሲወስደው እሷ ከቡድኑ ጋር ሄዳ ስልኳ ለቀናት ጠፋ። እሱ ከፍሪጆቹ መሀል እየተመላለሰ ጨርቁን ሊጥል ደርሶ እንደነበር ጎረቤት ነግሯታል። ስትመለስ ግን «ፈርቼ ነበር» አላለም። «ልጆቹ ናፍቀውሽ ነበር» አለ፣ ከዚያም ለአንድ ሳምንት ያኮረፈ ይመስል ጀርባውን ሰጥቷት ተኛ። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ማወቋ ንዴቷን አላበረደላትም፣ እንዲያውም አባሰው። የፈራ ሰው ፈራሁ ይላል እንጂ ሚስቱን እንደ ተበላሸ ፍሪጅ ኮሪደር ላይ ገትሮ ያስቀራል? አሁን ብትጮህ ደግሞ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ ልምምዱ ላይ ልትቆም ነው፤ የፈለጉትም ይኸንኑ ነው። ዝም አይነቅዝም ብላ ፎጣዋን አንሥታ ተመለሰች።

ቁርስ ላይ ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ ልጆቹ ገና አልተነሡም። ሻይ ተቀዳ። ዳቦ ተቆረሰ። አማቷ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት፤ ክፍላቸው ከኮሪደሩ በአንድ ኮምፔንሳቶ ነው የተለየው። ዛሬ ለልምምዱ ተጎጂ ሆነው ስለሚሄዱ፣ ሊቀደድ የተፈቀደለትን አሮጌ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ሆን ብለው አንጨባርረው ቀርበዋል። የሠፈር ሰው ከየቤቱ እየሄደ በቀለም ቁስል ተሥሎለት፣ ምሳና ካኒቴራ ተሰጥቶት የውሸት ተጎጂ ይሆናል። አማትየው በዚህ ሥራ ስም አላቸው፤ ባለፈው እግራቸው «ተሰብሮ» ሲያቃስቱ የግቢው ዘበኛ የእውነት መስሎት አልቅሷል። ባሏ ዳቦውን አገላብጦ አየና «ዳቦው ደግሞ እያነሰ እያነሰ መጣ» አለ። «ዋጋው አድጎ የለ! ሁለቱም ባንዴ እንዲያድጉልህ ነው?» አሉ እናቱ። ማንም አልሳቀም። ሲስተር ሻይዋን አማሰለች፣ ስኳር እንዳልጨመረችበት ትዝ አላት፣ ግን ማማሰሏን አልተወችም። ባሏ አንዴ ቀና ብሎ አያትና መልሶ ወደ ዳቦው አቀረቀረ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ።

«ዛሬ ምንሽ ነው የሚጎዳው እማዬ?»

«ገና አልተነገረኝም። እግር ሰልችቶኛል። እግር ምን ይወራለታል! ዘንድሮስ ከፍ ያለ ነገር ስጡኝ ብያቸዋለሁ።»

«ይቅናሽ» አለ፣ ለሚስቱ ግን ምንም አላለም። ያቺ ቃል ለማን እንደተነፈገች ሦስቱም ያውቃሉ። ሲስተር ተነሥታ ብርጭቆዋን አጠበች፣ ልጆቹን የምትጠብቀውን ጎረቤት ጠራች፣ የአማቷን ፌስታል አንጠልጥላ ጎኗን እያዞረች በፍሪጆቹ መሀል ወጣች።

አውቶቡሱ ውስጥ ረዳቱ ታሪፍ ጨምሯል አለ። አማትየው «ትናንት ማታ ስንተኛ አልነበረም፤ በሕልማችሁ ነው የጨመራችሁት?» ብለው ተከራከሩትና በድሮው ዋጋ ከፍለው ተቀመጡ። የተንጨባረረውን ፀጉራቸውንና አሮጌውን ቀሚስ ያየች አንዲት ሴት ቦታ ለቀቀችላቸው፤ ምስኪን መስለዋታል። እሳቸውም አልጠሉትም። ሲስተር በመስኮት የሚያልፈውን ታያለች፤ ገና የሚከፈቱ ሱቆች፣ ቲማቲም በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለች የምትደረድር ሴት፣ ጎማ የሚነፋ ሰው። ከዚያ አማትየው ወደ ፊት እያዩ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «እርጅና ብዙ ነገር ወስዶብኛል፤ ጆሮዬን ግን አልነካውም። ኮምፔንሳቶም ግድግዳ ሆኖ አያውቅ» አሉ። ሲስተር ዞር ብላ አየቻቸው። እሳቸው አልዞሩም። ስለ ስልኩ እንደሰሙ ገባት፤ መስማታቸው እንደገባት ለሳቸውም ገባቸው። ልጃቸው ነው፣ ምን ይበሉ? እሷስ ለእናቱ ምን ትበል? ሆድ ይፍጀው ብለው ሁለቱም እስኪወርዱ ድረስ ስለ ቲማቲም ዋጋ አወሩ።

ልምምዱ የሚካሄደው ሥራ ባቆመ የአውቶቡስ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ነው። መሬቱ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ አንድ ሞተር አልባ አውቶቡስ በጎኑ ተጋድሟል፤ የፈረሰ ግንብ ቁርጥራጭ በመኪና ተጭኖ መጥቶ ተከምሯል። ታሪኩ «ምድር ተንቀጥቅጦ ገበያ ፈረሰ» የሚል ነው። ከክምሩ ወዲያ ነጫጭ ድንኳኖች ተተክለዋል፤ ከሁሉም ትልቁ የቀዶ ጥገናው ነው፣ ውስጡ አንድ ጠረጴዛ ብቻ አለ። ሚዜው ኮፍያ ደፍቶ ፊሽካ በአንገቱ አንጠልጥሎ ተቀበላት። «የኔ እመቤት! ዛሬ የሚያኮራ ነገር እንጠብቃለን» ብሎ እጇን ይዞ ቆየ። ስንት ቀን ከቤቷ በልቶ፣ ስንት ቀን መሽቶበት ሳሎኗ ውስጥ አድሯል! የበላበትን ወጪት ሰባሪ ማለት ይኸ ነው አለች በልቧ፤ በአፏ «እግዜር ያክብርልኝ» አለችው። ከሱ አጠገብ ከሌላ ከተማ የመጡ ገምጋሚ ቆመዋል፤ ፀጉራቸው ያለቀ ነጭ፣ ዕድሜያቸውን በቀዶ ጥገና ክፍል የጨረሱ ሴት ሐኪም ናቸው። ውሳኔውን ከሚዜው ጋር አብረው የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ሰላምታቸው አጭር ነበር፤ ጫማዋን አይተው «የማያንሸራትት ነው፣ ጥሩ» አሉና ዞር አሉ።

ቡድኑ ሰደርያውን ለብሶ ተሰበሰበ፤ ሲስተርም ለዛሬው ተራዋ ቀዩን ለበሰች። አፉ ስለማያርፍ «ሳይረን» የሚሉት የአምቡላንስ ሾፌር «ሲስተር ቀይ ያምርብሻል፤ በሬ ብቻ አይይሽ» ብሎ አሳቃቸው። ቀጭኑ ዶክተር ዛሬ በሷ ሥር ነው፤ ተጎጂዎችን ለመለየት የመደበችው እሱን ነው፤ ዓይኑ ፈጣን እንደሆነ ስለምታውቅ። የልየታው ሕግ አጭርና ጨካኝ ነው። እያንዳንዱ ተጎጂ ደረቱ ላይ ሁኔታው የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ለያዩ ያንን አንብቦ እጁ ላይ ባለቀለም ካርድ ያስርለታል። አረንጓዴ ይራመዳል፣ ቢጫ ይጠብቃል፣ ቀይ አሁኑኑ ይገባል። ጥቁር ማለት የሞተ ወይም የማይተርፍ ነው፤ የሚተርፉት እስኪያልቁ ማንም እጁን አያባክንበትም። መሪዋ ተጎጂ አትነካም። ካርታው ከተዘረጋበት ጠረጴዛ ዘንድ ቆማ፣ ሬዲዮ ይዛ፣ ሰው ወዲህ ሰው ወዲያ ትልካለች።

ፊሽካው ተነፋና ግቢው ባንዴ እሪታ ሆነ። የሠፈሩ ሰው ሲያቃስት ለጉድ ነው፤ አንዱ «እግሬን! እግሬን!» ይላል፣ ቁስሉ ግን ክንዱ ላይ ነው። ሲስተር መጀመሪያ የቃሬዛ መንገድ አስጠረገች፣ ውሃ ወደ ድንኳኖቹ አስገባች፣ የሚራመዱትን ከሌላው ለይታ በተጋደመው አውቶቡስ ጥላ ሥር አስቀመጠች። ሚዜው በየመሀሉ ችግር ይወረውርባታል። ጄኔሬተሩን አጠፋባት፤ በባትሪ የሚሠራውን መብራት ወደ ቀዶ ጥገናው አስወስዳ ቀጠለች። የተጎጂ ዘመድ የተባሉ ሰዎች አጥሩን ገፍተው «ልጃችንን አሳዩን!» እያሉ ገቡ፤ ከመሀላቸው ለትልቁ ሰውዬ ወንበር ሰጥታ «አባቴ፣ እርስዎ ይጠይቁኝ፣ ለሌሎቹ እርስዎ ይንገሯቸው» አለችው። ሰውየው የእውነት ሽማግሌ የሆነ ያህል ኮራና ሰዎቹን ዝም አሰኛቸው። ገምጋሚዋ በርቀት ቆመው ያያሉ፣ ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ሲስተር ላቧ በጀርባዋ እየወረደ፣ «ይኸው ነው እንዴ ልቤ የማይችለው?» ማለት ጀምራ ነበር።

ያኔ ሬዲዮው ጮኸ። «የቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ተይዟል» አለ አንድ ድምፅ። ከድንኳኑ በር ላይ ግን ቀይ ካርድ የታሠረላት ተማሪ ቃሬዛ ላይ እንደተኛች ይታያታል፤ ጭኗ ላይ በቀለም የተሠራው ደም መሬት ድረስ ወርዷል፤ ልጅቷም «ደሜ አለቀ!» እያለች ትጮኻለች።

«ማን ነው ጠረጴዛው ላይ ያለው?» አለች ሲስተር።

«አንዲት እናት ናቸው» አለ ቀጭኑ ዶክተር፣ ድምፁ ተኮማትሮ።

«ደረታቸው ላይ ምን ይላል?»

ሬዲዮው ጫጫታ ብቻ ሆነ። ደግማ ጠየቀችው።

«ትንፋሽ የለም፣ የልብ ምት የለም ነው የሚለው። ግን ሲስተር… አማትሽ ናቸው እኮ!»

አሁን ገባት። ሚዜው ሞትን ለማን እንደሚሰጥ አስቦበታል። ይህ ቡድን በሙሉ ከእኒያ ሴት እጅ በልቷል፤ ሳይረን ሲታመም ሾርባ ይዘው የጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ ቀጭኑ ዶክተር «እማማ» እያለ ጉልበታቸውን ሊስም ይደርሳል። ለሳቸው ጥቁር ካርድ ማሰር፣ ልምምድም ይሁን ቀልድ፣ ሟርት ነው። ማን ደፍሮ ያስራል? ዶክተሩ ወረቀቱን አንብቧል፣ ገብቶታልም፤ እጁን የያዘው ይሉኝታ ነው። ቀይ አስሮላቸው፣ ለቀዶ ጥገናው ነርሶች ሰጥቷቸው፣ እነሱም አክብረው ጠረጴዛ ላይ አውጥተዋቸው፣ አፍንጫቸው ላይ ኦክስጅን ሰክተው ዙሪያቸውን ቆመዋል። እሷም ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም፤ «አማቷን አከበረች» ነው የሚባለው። ልጅቷ ግን በር ላይ ትሞታለች፤ እሷም ትወድቃለች። ካወረደቻቸው ደግሞ ባሏ እዚያው ነው፤ ከመድኃኒት ፍሪጁ ኋላ ብሎን መፍቻ ይዞ ተነሥቶ ቆሟል፣ ወደ ድንኳኑ እያየ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ በዚያ ቤት «እናቴን የገደልሽ» እየተባለች ልትኖር ነው።

ሬዲዮውን ካርታው ላይ ጣለችውና ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ ሙቀቱ አይጣል ነው። አማትየው ፊታቸው አመድ መስሎ ተቀብቶ፣ እጃቸው ወደ ጎን ተንጠልጥሎ፣ ከፍ ያለ ነገር እንደተመኙት ከፍ ብለው ተኝተዋል። ወረቀቱን ራሷ አነበበች። ከዚያ «አውርዷቸው» አለች። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንደኛዋ ነርስ «ኧረ ሲስተር፣ ትንሽ እንሞክር…» ብላ ጀመረች። «አውርዷቸው አልኩ! ልጅቷን አስገቡ!» ድምፅዋ ከድንኳኑ አልፎ ግቢውን ዞረ። ሳይረን ነው ቀድሞ የነቃው፤ በአንድ በኩል ይዞ፣ ሌላ ሰው ጠርቶ፣ አሮጊቷን አንሥተው ኋላ ካለው ምንጣፍ ላይ ከሟቾቹ ጋር አስተኟቸው። ሲስተር ተንበርክካ ቀዩን ካርድ በመቀስ ቆረጠችና ጥቁሩን አወጣች። የእጃቸው አንጓ ቀጭን ነው። የእነዚህን እጆች ጥፍር የምትቆርጠው እሷ ናት፣ ልጆቿ ሲወለዱ መጀመሪያ የተቀበሏቸው እነዚህ እጆች ናቸው። ጥቁሩን አሰረችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ባሏ የድንኳኑን በር ገልጦ ቆሟል። ፊቱ ከእናቱ ፊት ብሶ ገርጥቷል። ሚዜው ምን እንዳዘጋጀ አልነገረውም ነበር፤ ሚስቱ የምትወድቅበት ጉድጓድ ውስጥ እናቱ እንደሚጋደሙ ከየት ያውቃል? «እናቴ እኮ ናት! ጥቁር ታስሪባታለሽ?»

«ዛሬ ተጎጂ ናቸው። ዞር በል፣ ቃሬዛ እየገባ ነው» አለችው።

ዞር አለ። ልጅቷ ገባች። ሲስተር ልትነሣ ስትል ሟቿ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቅሰው «ላልቷል፣ አጥብቂው» አሉ። «እርስዎ ሞተዋል፣ ዝም ይበሉ» አለቻቸውና አጠበቀችው። ከዚያ ሮጣ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ካርታው ላይ ያለ ባለቤት የቀረው ሬዲዮ ብቻውን ይጮህ ነበር፤ እሷ በሌለችበት አንድ ቢጫ ብሶበት ቀይ ሆኗል፣ የሚሰማውም ሰው አላገኘም።

ፊሽካው ለማብቂያ ሲነፋ ሁሉም በአሮጌ ጎማዎች ላይ በክብ ተቀመጠ። የቡድኑ ወግ ነው፤ ከልምምድ በኋላ መጀመሪያ የሚናገሩት ተጎጂዎቹ ናቸው፣ መጨረሻ የምትናገረው መሪዋ ናት፣ ውሳኔውም እዚያው በሁሉም ፊት ይነገራል። ባለ ክንዱ ስለ ምሳው መዘግየት አማረረ። ተማሪዋ «በር ላይ ሆኜ ስጮህ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም፣ የእውነት ፈራሁ» አለች። አማትየው ፊታቸው አመድ እንደሆነ ሲነሡ ሚዜው ሳቅ ብሎ «እማማ፣ ሟቾች አይናገሩም» አላቸው። ገምጋሚዋ ግን «ይናገሩ፣ ከሞተ ሰው ሰምቼ አላውቅም» አሉ።

«እኔ አሟሟቴ ጥሩ ነበር» አሉ አማትየው። «ያስቀየመኝ ጠረጴዛው ነው። ያቺ ልጅ እዚያ ደሟ እየወረደ እኔን ሬሳዋን አየር ሲመግቡኝ አፈርኩ። መከበሩን በሕይወት እያለሁ አድርጉልኝ።»

«ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። መሪዋን መክረዋታል?» አሉ ገምጋሚዋ።

«ከታሰረልኝ በኋላ ነው። ላላ ብሎኝ እንዳይወድቅ ብዬ ነው እንጂ እኔ ሞቼ ምን አገባኝ!» ጎማዎቹ ሁሉ በሳቅ ተንቀጠቀጡ። ቀጭኑ ዶክተር ተራው ሲደርስ አልሳቀም። «ወረቀቱን አንብቤ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆኑ አስርላቸው ነበር፤ ይሉኝታ ያዘኝ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሚዜው ጉሮሮውን ጠራረገና ስለ መሪ ርኅራኄ አወራ፤ ሰው እናቱን ያህል ነገር ከአልጋ ሲያስወርድ የሚያይ ቡድን ልቡ እንደሚሰበር አወራ። ከዚያ ሁሉም የሚያውቀውን ጥፋት አነሣ። «ሬዲዮዋን ጥላ ነው የሄደችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለ፣ ፊቱ እየበራ። በዚህ ትክክል ነበር፤ እሷም ታውቃለች።

ገምጋሚዋ ወደ ሲስተር ዞሩ። «ጠረጴዛውን ለማን ሰጥተሽ ሄድሽ?»

«ለማንም» አለች ሲስተር። ተነሣች። ጉልበቷ ላይ የአማቷ ቀለም ተለድፏል። «ጥፋት ነው፣ አልክድም። ለሰው ሰጥቼ መሄድ ነበረብኝ። በሱ ልትጥሉኝ ትችላላችሁ፣ ጣሉኝ፤ አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ። ግን አንድ ነገር በሁሉም ፊት ይነገር። ዛሬ ጠዋት ባሌ ለአስተባባሪው ደውሎ ጣላት ብሎታል። እሱም ልቧ የማይችለውን አዘጋጅቼላታለሁ ብሎታል። በነዚህ ጆሮዎቼ ነው የሰማሁት። አማቴን እዚያ ያስተኛቸው ለዚህ ነው። ይኸው ልቤ ችሎታል! በጥፋቴ እወድቃለሁ፤ በባሌ ስልክ ግን አልወድቅም!»

ሳይረን እንኳ አፉን ዘጋ። ባሏ ከፍሪጁ አጠገብ ብሎን መፍቻውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል። ሚዜው «ኧረ ይቺ… ቀልድ እኮ ነው፣ የጓደኛ ቀልድ!» ብሎ ሊስቅ ሞከረ፤ አጃቢ አላገኘም። አማትየው ከጎማቸው ላይ ሆነው «ቀልድ አልነበረም። እኔም ሰምቻለሁ» አሉ፣ ከዚያ ወደ ልጃቸው አላዩም።

ገምጋሚዋ ሚዜውን አዩት። «እኔ አልሳቅሁም» አሉት። «የአንተን ጉዳይ ከላከህ ክፍል ጋር እንነጋገርበታለን፤ ዛሬ ውሳኔው የኔ ብቻ ነው።» ወደ ሲስተር ሲዞሩም ድምፃቸው አልለሰለሰም። «ሬዲዮ መጣልሽ ሰው ይገድላል። በሚቀጥለው ወር ሌላ ልምምድ አለ፤ ደግመሽ ብትጥዪ ሰደርያውን በእጄ አወልቅብሻለሁ። እስከዚያው ግን የቡድኑ መሪ አንቺ ነሽ።» ነርሶቹ እልል አሉ፣ ቀጭኑ ዶክተር መጀመሪያ ተነሥቶ እጇን ጨበጠ፣ ተማሪዋ በሐሰት ደሟ እንደተለወሰች መጥታ አቀፈቻት። ሲስተር ማልቀስ ሲገባት ሳቀች።

ሚዜው ግን አለቀ ደቀቀ የሚባል ሰው አይደለም። «አንድ የቀረ ነገር አለ» አለ፣ ድምፁን አሳምሮ። «መሪ ሲሾም የቤት ተጠሪ ይሰይማል። ቡድኑ ሲጠራ ቤቱን የሚረከብ፣ በሌሊትም በቀንም ስልክ የሚያነሣ፣ ይሁን ብሎ የሚሸኝ ሰው። ካልሸኛት አትሄድም፤ ይኼ የኔ ሕግ አይደለም።» ብሎም ወደ ፍሪጁ አየ። ሁሉም እሱን ተከትሎ አየ። ባሏ ቀና አለ። ለአፍታ ተያዩ፤ እሱ የሚለው ነገር ያለው ይመስላል፣ አልወጣለትም። ሲስተርም ጠበቀችው፣ እውነቱን ለመናገር ጠበቀችው። ከዚያ ዓይኗን መለሰች።

«አማቴን» አለች።

«ሟች ደግሞ ተጠሪ ይሆናል እንዴ?» አለ ሳይረን፣ አላስችል ብሎት።

«አንተን ሳልቀብር አልሞትም!» አሉ አማትየው፤ ወደ ገምጋሚዋም ቀረብ ብለው፣ ጥቁሩ ካርድ እጃቸው ላይ እንደታሰረ፣ «ይሁን። እኔ እሸኛታለሁ። ቤቱም ልጆቹም አሉኝ፤ ስልክም አነሣለሁ፣ በጆሮዬ የሚያማኝ የለም» አሉ።

ሰው ሲበተን ባሏ በአጥሩ ጥግ ጠበቃት። አማትየው ፊታቸውን ሊታጠቡ ወደ ቧንቧው ሄደዋል። እሱ ዕቃ መያዣውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ዘይት የነካውን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ። እሷም አላገዘችውም። በመጨረሻ፣ ጨርቁን እያየ፣ ባለፈው ክረምት ሊናገረው ይገባው የነበረውን ተናገረ።

«ብትሞቺብኝስ?» አለ። «እዚያ ሄደሽ አንዱ ነገር ተንዶብሽ ብትሞቺብኝስ?»

ሆኖም አላቀፈችውም፤ የቀኑ ንዴት ገና ከደረቷ አልወረደም፣ እንዲወርድም አልፈለገችም። ቀዩን ሰደርያ አውልቃ አጣጥፋ ብብቷ ሥር ያዘች።

«ልሞት እችላለሁ» አለችው። «ያኔ እንደ ሰው ቆመህ ታለቅስልኛለህ። በቁሜ ግን ሁለተኛ በስልክ እንዳትቀብረኝ።»